ለድራመሯ ለቅሶ የተቀመጥን ጊዜ

በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። ልክ ነው። እኔ ግን እሱ ሥራ ይበዛበታል ብዬ ትንሽ አገዝኩት።

ነገሩ የልጅ ልጄ ያቋቋመችው ባንድ ነው። የባንዱን ስም አልናገርም፤ በነፃ ማስታወቂያ የምሠራላቸው ምን በወጣኝ! ሮክ ነው የሚጫወቱት። ሮክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው ሲጣላ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው እንደዛ ነበር የመሰለኝ። በኋላ ግን ወደድኩት፤ እኔም በጠብ አልታማም።

ያኔ የምንኖረው ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ነው። ልጄ፣ ሚስቱ፣ የልጅ ልጄና እኔ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ተጣብበን። የልጅ ልጄ ሃይስኩል ድራም ለመደችና አንድ አሮጌ ድራም ከትምህርት ቤት ተሰጥቷት ሳሎን መሀል ተከለችው። ከታች ያለችው ፈረንጅ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ወደ ላይ ደበደበች።

«ይኸው፣ አጃቢ አገኘሽ» አልኳት።

የአፓርትመንቱ ኦፊስ ግን አልሳቀም፤ ዋርኒንግ ሰጠን። ልጄ የሚሠራው አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ነበር። እሑድ እሑድ ከላይ ያሉት ቢሮዎች ስለሚዘጉ የመጨረሻው ምድር ቤት ባዶ ነው። ማናጀሩን አስፈቀደና ድራሙ እዛ ገባ። እሷ ደግሞ ድራሙ ብቻውን ምን ይሠራል ብላ ሦስት ወንዶች ሰበሰበች። ልጄ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ምድር ቤት ውስጥ? እናቴ ካልተቀመጠች አይሆንም!»

እኔም ተሾምኩ። የምትታጠፍ ወንበሬን ይዤ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጥበቃ እገባለሁ። እንደኔ የባንዱን አፈጣጠር ከሥሩ ያየ ሰው የለም።

ጊታር የሚመታው እዚሁ የተወለደ ቀጭን ልጅ ነበር። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። «ዋልክ ወይ?» ስለው «አይ አም ፋይን» ይለኛል። ቤዝ የሚባለውን ወፍራሙን ጊታር የያዘው ደግሞ ሆቴል ሻንጣ የሚሸከም ግዙፍና ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ለኔ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ነፍሱን ይማረው እንዳልል አልሞተም፣ እግዜር ይስጠው። ሦስተኛው ዘፋኙ ነው። እሱ በዲቪ የመጣ ነው፤ አክስቱ ጋ ይኖራል፤ እናቱ አገር ቤት ናት። መስታወት ካየ አያልፍም፤ መስታወት ካጣ የቆመ መኪና መስኮት ላይ ጸጉሩን ያበጥራል። ይሄን ልጅ የልጅ ልጄ ናት ያገኘችው። አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሳህን እያጠበ ሲያንጎራጉር ሰምታ፣ ምግቧን ትታ ገብታ «ድምፅህ ያምራል፣ ና ከኛ ጋር ዝፈን» አለችው። ከሳህን ማጠቢያው ያወጣችው እሷ ናት። ይሄን ያዙልኝ፤ እሱ ረስቶታል።

መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ስትመታ ፈራ ተባ ትል ነበር። አንድ እሑድ አላስቻለኝም፣ ጥጤን ነቅዬ ተነሣሁ።

«ምቺው እንጂ አትደባብሽው! ከበሮ ሲመቱት ነው የሚናገር፤ ሲለማመጡት ያላግጣል!»

«አያቴ፣ ዩ ዶንት ኖው ድራምስ» አለችኝ።

«የስንቱን ሰርግ ከበሮ እኔ ነኝ ያነሣሁት! በይ፣ ከታች ያለችው ሴትዮ ራስ ነው ብለሽ ምቺ!»

መታችው። አንድ የቆመ መኪና አላርሙ ለቀቀና ይጮህ ጀመር። «እሱም ባንዱ ውስጥ ይግባ!» አልኩ። ሳቁ፤ ከዛን ቀን ወዲያ ልጅቷ ወደ ኋላ አላለችም። እቤት ስትውል እንኳ በማንኪያ ያላንኳኳችው ነገር አልነበረም፤ ፍሪጁን፣ ጠረጴዛውን፣ የአባቷን ጫማ። እኔን ብቻ ነው ያልመታች።

ከዛ መጠራት ጀመሩ። አናንዴል ለአንድ ልጅ ምርቃት ተጫወቱ፤ አባትየው መጥቶ «ልጆች፣ ይሄን ጨርሱና እስክስታ ምቱልን» አላቸው። በልትስቪል አንድ ሬስቶራንት ተጫወቱ፤ ባለቤቷ በየዘፈኑ ድምፁን እየመጣች ትቀንሰዋለች፤ መጨረሻ ላይ የሰው ሹካ ነው የሚሰማው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ ወንዙ አጠገብ አንድ የፈረንጅ ባር ጠራቸው። እኔም በሩ አጠገብ ብርቱካን ጭማቂዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲጨርሱ ፈረንጆቹ ዘፋኙን አልፈው፣ ገፍተውት ማለት ይቻላል፣ ወደ ልጅቷ ሄዱ። «ድራመሯ የታለች? ድራመሯን ፎቶ እናንሣት» ይላሉ። ዘፋኙን አየሁት። ፊቱ የአምስት ቀን እርጎ መሰለ። ያን ጊዜ ነው ይሄ ልጅ አንድ ነገር ያደርጋል ያልኩት።

አደረገም። ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ የሚያከራይ፣ ፕሮሞተር ነኝ የሚል ሰውዬ ተዋወቀ። ሲዲ እናውጣ አላቸው፤ አወጡ፤ አራቱም ስቱዲዮ ገብተው ቀረጹ። ሲዲው ካለቀ በኋላ ፕሮሞተሩ «ሴት ልጅ ድራም ላይ ተፈናጣ ለሀበሻ አትሸጥም፤ የወንድሜ ልጅ አለ፣ እሱ ይቀመጥ» አለ። ዘፋኙም እሺ አለ። እሺ ብቻ ቢል! ሌሎቹን ሁለቱን «ራሷ ትቻለሁ ብላለች» ብሎ ዋሻቸው፤ ለሷ ደግሞ ቴክስት አደረገላት። ሰው ከገዛ ባንዱ በቴክስት ሲባረር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊት ለፊት ቢመጣ እኔ ወንበሬን እንደማነሣ አውቆ ነው።

ልጄ ማታ ከሥራ ሲመጣ ሰማና «ተይው፣ ኮሌጅሽን ተማሪ» አላት። እሷ ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም። ማንኪያ ስታነሣ ለሾርባ ብቻ ሆነ። አይ፣ ያ ዝምታ! የሚረብሽ ልጅ ዝም ካለ ቤት አይሞቅም። ከታች ያለችው ፈረንጅ እንኳ አሳንሰር ውስጥ አግኝታኝ በእጇ እየመታች አሳየችኝና «ኖ ሞር?» አለችኝ። የናፈቃት መሰለኝ።

በዚህ መሀል ሀበሻ ሱቅ ሄጄ በርበሬ ስጠይቅ፣ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ባለ ሱቁ «እማማ፣ የልጆቹ ኮንሰርት ነው፤ እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ። ሰው ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ በቀን አደረጉት» አለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ያንን ፎቶ አውቀዋለሁ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ሲነሡ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ልጄ መሀል ቆማ፣ ክርኗን ጊታር መቺው ትከሻ ላይ ጥላ ነው የተነሡት። አሁን እሷ የለችም። ቆርጠው አውጥተዋታል፤ በሷ ቦታ አንድ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ተለጥፏል። ግን የሌባ ነገር፣ ሲቸኩሉ ክርኗን ረስተውታል! ጊታር መቺው ትከሻ ላይ ባለቤት የሌላት አንዲት ክርን ተጋድማለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያቺን ክርን ግን አነባታለሁ። ስንት ዘመን ያጠብኳት ክርን ናት።

«ሲዲው አለህ?» አልኩት። አጫወተልኝ። ድራሙ የሷ ነው! እኔ ምቺው ያልኳትን ያህል ነው የምትመታው። እጇን አስቀርተው ፊቷን ጣሉት ማለት ነው። ፖስተሩን ከበሩ ላይ ላጥኩት።

«እማማ! ምን ነካዎት?»

«ሬሳ እያነሣሁ ነው» አልኩትና አጥፌ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

መንገዴን ሙሉ አሰብኩ። ፕሮሞተሩን ልስደብ? ስድብ ለሱ ምኑ ነው። ዘፋኙን በጥፊ ልበል? እጄን ያመኛል። ከዛ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው ከሰው መሀል የሚቆረጠው ሲሞት ነው። ሞታለች ካሉ ደግሞ ወግ አለው፤ ይለቀስላታል። ለቅሶተኛ ፊት ደግሞ ትከሻውን የሚነቀንቅ ሀበሻ ገና አልተፈጠረም።

ወደ ማኅበራችን ሴቶች ሄድኩና ለሦስቱ ነገርኳቸው። አንደኛዋ፣ ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤቴ፣ አማተበች።

«በቁም ላለ ሰው ለቅሶ? ሟርት ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ያምሻል?»

«የገደሏት እነሱ፤ እኔ የምቀብር። ሟርቱ የገዳዩ ነው።»

«እግዜር አይወደውም እቴ።»

«አንቺ ባለፈው ምራትሽን ምን ብለሽ ረገምሽ? እሱን ወዶት ነው?»

ጉልበቷን እያሸች «እሺ» አለች። ሁለተኛዋ፣ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ የምታስለቅሰዋ፣ ነጠላዋን መፈለግ ጀምራ ነበር። «ከመጣሁ ወዲህ ደህና ለቅሶ አላገኘሁም» አለች። ሦስተኛዋ የጠየቀችው «ምግብ አለ?» ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ጥቁራችንን ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ሜትሮ ተሳፈርን። የልጅቷን የምርቃት ፎቶ፣ ያን ትልቁን ባለ ፍሬም፣ ከግድግዳ አውርጄ ታቅፌዋለሁ። ባቡር ውስጥ አንድ ፈረንጅ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሶሪ» አለኝ። «ቴንክ ዩ» አልኩትና «ገና ነው» ብዬ በአማርኛ ጨመርኩለት።

አዳራሹ በር ላይ የቆመው ጎልማሳ ቲኬት ሊል አፉን ከፍቶ፣ ነጠላችንን ሲያይ አንገቱን ደፋ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ እናቶቼ» አለና አሳልፎን፣ ጭራሽ ራሱ ወንበር ተሸክሞ መድረኩ ሥር ደረደረልን። ጥሩ አስተዳደግ ያለው ሰው ነው። አራታችን ተቀመጥን። ፎቶውን ጉልበቴ ላይ ወደ ሰዉ አዙሬ አቆምኩት።

ባንዱ ጀመረ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ይጮሃል። የፕሮሞተሩ ዘመድ ከኋላ ድራሙን ያባብለዋል። ወጣቶቹ ሊጨፍሩ ወደ ፊት መጡ፤ እኛን አዩ፤ ቆሙ። አንዷ እጇን ወደ ላይ እንዳነሣች ቀረች፤ ቀስ ብላ አወረደችውና ጸጉሯን ሸፈነች። ከኋላ ያሉት ለምን እንደቆሙ ለማየት ሲመጡ እነሱም ቆሙ። ከዛ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናዎት። ማን ነው የሞተብዎት?»

«የልጅ ልጄ።»

«ውይ! ይቺ ልጅ? ምን ሆና?»

«ባንድ ገደላት» አልኩ።

«በባንዳ?»

«በባንድ! ይኸው የሚጫወቱት!»

ሽማግሌው መድረኩን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ሰልፍ ሆነ። ይመጣሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ሄደው ይቀመጣሉ። ሙሾ አውራጇ ጓደኛዬ ይሄን ስታይ ሙሾዋን ለቀቀችው።

«ከበሮሽ ይጮሃል፣ አንቺ ወዴት ልጄ፣
ክርንሽን ብቻ፣ አገኘሁ በእጄ።»

 ዘፋኙ ዓይኑን ገለጠ። እኔን አየ፣ ጥቁሩን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። እሱ ያለበት ቦታ ሆኖ የፎቶው ጀርባ እንጂ ፊቱ አይታየውም። ድምፁ ተቆረጠ። እናቱ አገር ቤት ናት አላልኳችሁም? መርዶ የሚመጣው ደግሞ እንደዛ ነው፤ ሳይነግሩህ ጥቁር ለብሰው ተሰብስበው ይመጡብሃል። ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ እግሬ ሥር ተደፋ።

«እማማ! እናቴ ናት? እናቴ ናት አይደል? ንገሩኝ!»

ይሄን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ግን በእጄ ከገባ፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩት። ልጄ ያንን ቴክስት ስታነብ የዋጠቻትን ትንፋሽ፣ እሱም ይዋጣት ብዬ።

«እናትህ ደህና ናት፤ ዕድሜ ይስጣት» አልኩት። «የሞተችው ይቺ ናት።» ፎቶውን አዞርኩለት። ፖስተሩን ከብብቴ አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። «እስቲ ንገረኝ፣ ይቺ ክርን የማን ናት?»

ለካ ማይኩን እንደያዘ ነው የወረደው! «ይቺ ክርን የማን ናት?» የሚለው በየስፒከሩ አስተጋባ። በረንዳ ላይ የሚያጨሱት እንኳ ሰምተው ገቡ።

 ከመድረኩ ላይ፣ በማይክ፣ በተሰባበረ አማርኛ መልስ መጣ። ያ «ፋይን» ብቻ የሚያውቀው ጊታር መቺ ነው። «የሷ ነው። ሲዲው ላይ ድራም... ሁሉም እሷ ነው። እሱ እሷ ተወች ብሎ ነገረን።» ጊታሩን አውልቆ መሬት ላይ አስተኛው። ዝምተኛውም የሱን ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

«እና ልጅቷ አልሞተችም?» አሉ ሽማግሌው።

«ማን ይሙት! ቤቷ ተኝታለች!»

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና በሳቅ ፈረሱ። አዳራሹም ተከተላቸው። ከኋላ «ልጅቷን አምጧት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ፕሮሞተሩ ደም ሥሩ ተገታትሮ መጣ።

«እማማ፣ አሁኑኑ ይውጡልኝ!»

በር ላይ የነበረው ጎልማሳ መሀላችን ገባ። «ጋሼ፣ ለቅሶተኛ አይባረርም» አለው።

«እወጣለሁ» አልኩ እኔ፣ «ግን ለቅሶ አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። እሱ በዘፈነበት ሁሉ እመጣለሁ። ወንበራችንን ከፊት አድርጉልን።»

ወሬ በኛ አካባቢ ከሜትሮ ይፈጥናል፤ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። በማግስቱ ለቅሶው እንጂ ሳቁ አልደረሰም። የልጅ ልጄ ስልክ ስታነሣ አንዲት የበልትስቪል ሴትዮ እየተንሰቀሰቀች «ነፍሷን ይማር! ምን ዓይነት ልጅ ነበረች!» ትላታለች።

«ማን?» ትላለች የኔዋ።

የራሷን ስም ነገረቻት። ስልኩን ይዛ ኩሽና መጣች።

«አያቴ፣ ዩ ኪልድ ሚ?»

«እኔ አልገደልኩሽም፤ ቀበርኩሽ እንጂ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙም አልከበደኝም። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ ስላት ቁጣዋን አቋረጠች፤ ጊታር መቺው ያለውን ስነግራት ቁጭ አለች። «በአማርኛ አለው?» አለችኝ። «በአማርኛ» አልኳት።

ማምሻውን ሁለቱ ልጆች መጡ። ዝምተኛው እንደ ልማዱ ዳቦ ይዟል። በሩ ላይ ቆመው አቀርቅረዋል። «ውሸቱን አምነን ሳንደውልልሽ ቀረን» አሏት። እኔን ከሳሎን አስወጥታኝ ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ በሩ ወፍራም ነው።

ቅዳሜ ዘፋኙ አክስቱንና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ለካ ፕሮሞተሩ «እነዚያ ሴትዮዎች መምጣት ካላቆሙ አዳራሽ የለም» ብሎታል፤ ዘመዱንም ይዞ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። እሱም ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ፣ ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቃት፤ «ቦታሽ ያንቺ ነው፣ ተመለሺ» አላት። እኔ ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ አሸነፍን ብዬ እልል ልል አፌን ከፍቻለሁ።

የልጅ ልጄ በጥሩ አማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ይቅርታህን ተቀብያለሁ» አለችው። «አልጣላህም። ባንዱ ግን ቦታ የለውም።»

«የቱ ባንድ?» አለ።

«የኔ።»

«ባንዱ እኮ የኔ ነው!»

«ከማን ጋር?» አለችው።

ኩሽናውን ዞሮ አየ። ከጠዋት ጀምሮ እኛ ቤት የዋሉት ጊታር መቺውና ዝምተኛው ሳህናቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዝምተኛው ጉርሻውን ዋጠና በዛ ሁሉ ዘመን ሰምቼው የማላውቀውን ረጅም ነገር ተናገረ። «እኛ ከሷ ጋር ነን። እሷ ትዘፍናለች፣ እየመታች። ሞክረነዋል፣ ያምራል።»

አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ እርቅ ማለት እኮ አብሮ መሥራት ነው» አሏት።

«እርቁን ሰጥቼዋለሁ አባባ፤ ሥራ ግን አልሰጠውም» አለች።

ልጁ ተነሣ። ባንድ የለው፣ አዳራሽ የለው። ኩርፊያ እንኳ የለው፤ ይቅር ተብሏላ! በምኑ ይቆጣ? እኔ አስለቅሰዋለሁ ብዬ ያን ሁሉ ጥቁር ለብሼ ነጠላ አዘቅዝቄ ተሰልፌ፣ እሷ ሁለት ቃል ተናግራ የሚያለቅስበት ምክንያት እንኳ አሳጣችው።

ወደ በሩ ሸኘኋቸው። አክስትየዋ ጫማዋን እያጠለቀች በጥርሷ መሀል «ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ናት በማርያም!» አለችኝ።

«በኔ ወጥታ ነው» አልኳትና በሩን በቀስታ ዘጋሁት።